አስታማሚዋንም እንጠይቃት

የተከበራችሁ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ? ዛሬ የመጣሁት፣ ቤት ውስጥ በሽተኛ የሚያስታምሙ ሰዎች በቪዲዮ ጥሪ ከአማካሪ ጋር እንዲነጋገሩ እናድርግ ለማለት ነው። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ለመጨረስ እሞክራለሁ።

ጅማ ላይ ሰው ሲታመም ጠያቂ አይጠፋም። ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ይመጣል። «እግዜር ይማርሽ»፣ «አላህ ያሽርሽ» ብሎ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ቡናውን ያፈላችው ማን ናት? ሌሊቱን በሽተኛዋን ስታገላብጥ ያደረችው ልጅ ናት። «እናትሽ እንዴት አደሩ?» እንላታለን። «አንቺስ?» የሚላት የለም።

ሐኪም «ከእንግዲህ ቤት ወስዳችሁ አስታምሟት» ካለ በኋላ ጣጣው ሁሉ ልጅቷ ላይ ነው። የሕመም ማስታገሻውን፣ ሞርፊኑን፣ በስንት ሰዓት ልስጥ? ሆዷ ደረቀ፣ ምን ይሻላል? ምግብ እምቢ አለች፣ ላስገድዳት? በነርስነቴ አዘውትሬ የምሰማው ይህን የመጨረሻውን ነው። ልጅ ማንኪያ ይዛ ትለምናለች፣ እናት ጥርሷን ነክሳ ፊቷን ታዞራለች፣ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ሞት ሲቃረብ ሰውነት ምግብ አይፈልግም። በግድ ቢሰጣት ትን ሊላት ይችላል። ከንፈሯንና አፏን በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ማራስ ነው የሚሻለው። ይህን በጊዜው የነገራት ካለ «እናቴን በረሃብ ገደልኳት» እያለች ስትብሰለሰል አትኖርም።

ታዲያ ለምን በቪዲዮ? ከአጋሮ ወይም ከዴዶ ጅማ ድረስ ትምጣ ብንል፣ በሽተኛዋን ለማን ትታ? ተራ ስልክም አለ፤ ግን በስልክ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብላ ትዘጋዋለች። በቪዲዮ ዓይኗ መቅላቱ ይታያል። ስልኩን ወደ አልጋው ስታዞረው፣ ትንፋሽ ያጠራት እናት በጀርባዋ ዝርግ ብላ እንደተኛች አማካሪው አይቶ «ትራስ ደርቢላት፣ ቀና ትበል» ይላታል።

ነገሩ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 126 አስታማሚዎች ተሳትፈው ነበር። በቪዲዮ የተመከሩት በአካል ከተመከሩት ያነሰ ጥቅም አላገኙም። ምክሩም ቀላል ነው። «አሁን ከሁሉ የከበደሽ የቱ ነው?» ተብላ አንዱን ትመርጣለች፣ መላውን ከአማካሪው ጋር ታወጣለች፣ ሞክራው ደግሞ ይነጋገሩበታል። እርግጥ እዚያ እንደኛ መብራት እልም አይልም። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ወደ ተራው ጥሪ እንመለሳለን፣ ምን ይደረግ። አማካሪውም ኦሮምኛም አማርኛም የሚችል መሆን አለበት።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ቤቱ ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ክፍል ነው። በሽተኛዋ አጠገቧ እየሰማች፣ «መጨረሻዋ ደርሷል ወይ? ምልክቱ ምንድን ነው?» ብላ እንዴት ትጠይቅ?

እናንተን የምፈልጋችሁ እዚህ ላይ ነው። የእድራችን ድንኳንና ወንበር የሚወጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡን። አንድ ጎረቤት በሽተኛዋ ጋ ይቀመጥ፤ ልጅቷ ሌላ ቤት ገብታ፣ በሯን ዘግታ ታውራ፣ ካሰኛትም ታልቅስ። ስማርት ስልክ ከሌላት የሚያውስ ጎረምሳ በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ካርዱን እድሩ ይሙላ።

በሚቀጥለው ወርሃዊ ስብሰባችሁ ይህን አጀንዳ አድርጋችሁ ያዙልኝ። ከየእድሩ ሁለት ሁለት ፈቃደኛ ሰው መርጣችሁ ስማቸውን ለጤና ኤክስቴንሽኗ ስጧት። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ ቡናውም ይቀዳ። አመሰግናለሁ።