አረንጓዴና ብርቱካንማ ለማይለይ ዓይን

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በምነድፍበት ሶፍትዌር፣ በኪካድ፣ የሌየሮቹን፣ ማለትም ተደራርበው ቦርዱን የሚሠሩትን ንጣፎች፣ ቀለም ለምን እንደቀየርሁ ነው። ቀለም መቀየር ጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔም ለዓመታት እንደዚያ አስብ ነበር።

እኔ ቀይና አረንጓዴን አጥርቼ አልለይም። በልጅነቴ አያቴ ጓሮ የቀላውን ቡና ብቻ እንድለቅም ስታዘዝ፣ ቅርጫቴ ውስጥ ጥሬው ከበሰለው ጋር ተቀላቅሎ ይገኝ ነበር፤ አያቴም ቸልተኝነት መስሏቸው «ዓይንህን ገልጠህ ልቀም እንጂ» እያሉ ይቆጡኝ ነበር። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12ቱ አንዱ ገደማ፣ ከሴቶቹ ደግሞ ከ200 አንዷ ገደማ እንዲህ ዓይነት ዓይን እንዳላቸው የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ ከሴንሰር መረጃ የሚያነብ ባለ 4 ሌየር ቦርድ እየነደፍሁ ነበር። በኪካድ መደበኛ ቀለም የላይኛው መዳብ ቀይ፣ የታችኛው ሰማያዊ ሲሆን፣ ከውስጠኞቹ አንደኛው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ሁለተኛው ብርቱካንማ ነው። አንደኛውን ሙሉ በሙሉ ለግራውንድ፣ ማለትም ጅረት ወደ ምንጩ ለሚመለስበት መዳብ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ለፓወር፣ ማለትም ኃይል ለሚያከፋፍለው መዳብ፣ መድቤ ነበር። ታዲያ ረጅሙን የ5 ቮልት መስመር ፓወሩ ላይ የዘረጋሁ መስሎኝ ግራውንዱ ላይ አሳለፍሁት፤ ለእኔ ሁለቱም አንድ ዓይነት የደበዘዘ ቡናማ ናቸውና። ሶፍትዌሩ የግራውንዱን መዳብ እንደገና ሲሞላ በመስመሩ ዙሪያ የሚገባውን ክፍተት ትቶ ስለሚሞላ፣ የንድፍ ደንብ ፍተሻው አንድም ስሕተት አላሳየኝም፤ በደንቡ ዓይን ሲታይ ስሕተት አልነበረምና።

ቦርዱ ተመርቶ ሲመጣ የሴንሰሩ ንባብ ይዘል ጀመር። የሲግናሉ ተመላሽ ጅረት ከሥሩ ባለው ግራውንድ በቅርቡ መመለስ ሲገባው፣ እኔ የሰነጠቅሁትን መዳብ ዞሮ ለመሄድ ተገድዶ ነበር፤ ዑደቱ በሰፋ ቁጥር ደግሞ የሚሰበስበው ኖይዝ፣ ማለትም የማይፈለግ የኤሌክትሪክ ረብሻ፣ ይጨምራል። ኖይዙን ለመቀነስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካፓሲተር ስቀያይር ከርሜ፣ በመጨረሻ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስክሪኔን ገና ከማየቱ «አንተ፣ ይሄ መስመር እኮ አረንጓዴው ላይ ነው» አለኝ። አያቴ ጓሮ የቆምሁ ያህል ተሰማኝ።

በዚያው ምሽት የቀለም ምርጫዎቹን ከፈትሁ። ከሶፍትዌሩ ጋር የሚመጣው መደበኛ ገጽታ ስለማይታረም፣ መጀመሪያ በራሴ ስም አዲስ ገጽታ ፈጠርሁ። ቀለሞቹን ያገኘሁት ማሳታካ ኦካቤና ኬይ ኢቶ የተባሉ ጃፓናውያን ሳይንቲስቶች የእኔ ዓይነት ዓይን ያላቸውንም አስበው ካዘጋጁት የቀለም መደብ ነው። ላይኛውን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኑ 213፣ 94፣ 0 የሆነ ብርቱካንማ ቀይ አደረግሁት፤ ወደ ቀይ ስለሚያደላ የለመድሁትን ልማድ አያፈርስብኝም። ግራውንዱን ቢጫ፣ ፓወሩን ውሃ ሰማያዊ፣ ታችኛውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ አድርጌ፣ ሁለቱን ሰማያዊዎች በድምቀታቸው ለየኋቸው። ዓይነቱን ብቻ ሳይሆን ድምቀቱንም ማለያየት ለእኛ ወሳኝ ነው። ሰፊው ቢጫ መጀመሪያ ዓይኔን ወግቶኝ ነበር፤ የመዳብ ሙሌቱን ግልጽነት ብቻውን ማስተካከል ስለሚቻል ግን አሳሳሁትና ተገላገልሁ።

ያንኑ የቀድሞ ፋይል በአዲሶቹ ቀለሞች ስከፍተው፣ ያ የ5 ቮልት መስመር በቢጫው መካከል፣ ግራና ቀኙን በጥቁር ክፍተት ታጅቦ፣ ከዳር እስከ ዳር ተጋድሞ ታየኝ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት።

የቀለም ገጽታው የሚቀመጠው በየሰው ኮምፒውተር እንጂ በቦርዱ ፋይል ውስጥ ስላልሆነ፣ እኔ ቢጫ የምለው ለባልደረባዬ አሁንም አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ስልክ ስንደዋወል ቀለም መጥራት ትተን፣ «የውስጥ አንድ»፣ «የውስጥ ሁለት» እያልን በሌየሩ ስም እንነጋገራለን።