ይሁዳ ከየት አነበበው?

ወዳጆቼ፣ ለዛሬ ሌላ ርእስ አዘጋጅቼ ነበር፤ የየኔታ ጥያቄ ግን ከሁለት ሳምንት ወዲህ አልለቀቀኝም። የኔታን ታውቋቸዋላችሁ፤ ስለ ባሕረ ሐሳብ ባወራሁ ቁጥር ሳላነሣቸው ያለፍሁበት ጊዜ የለም።

ብራናውን አትሮንሱ ላይ ዘርግተው፣ «ቃለ በረከት ዘሄኖክ» ከሚለው ከቀዩ መስመር ጀምሮ ጣታቸው ቀለሙን ሳይነካ ፊደሉን እየተከተሉ ሲያነቡልኝ፣ ጣልቃ ገብቼ ይህ መጽሐፈ ሄኖክ በአይሁድም በአብዛኞቹ ክርስቲያኖችም ዘንድ ከቅዱሳት መጻሕፍት እንደማይቆጠርና አፖክሪፋ እንደሚባል ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ ቀና ብለው «ታዲያ ይሁዳ ከየት አነበበው?» አሉኝ፤ በሐዲስ ኪዳን ይሁዳ በመልእክቱ የሄኖክን ቃል ይጠቅሳልና። እኔም ጳውሎስ የግሪክ ባለቅኔዎችን እንደ ጠቀሰ፣ መጠቀስ ብቻውንም አንድን መጽሐፍ ቅዱስ እንደማያደርገው ወዲያው መለስሁላቸው። ጥቂት አይተውኝ ንባባቸውን ቀጠሉ።

ያ አስተያየታቸው ነው የሚመላለስብኝ። ቤቴ ገብቼ የይሁዳን መልእክት ስከፍት፣ ሄኖክ «ትንቢት ተናገረ» ይላል፤ ይህ ባለቅኔን እንደ መጥቀስ አይደለም። ተረታሁ ስል ደግሞ ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ የጠቀሰውን የቀርጤስ ባለቅኔ «ነቢይ» ብሎ እንደ ጠራው ትዝ አለኝና ወደ ተነሣሁበት ተመለስሁ።

ይሁዳ የጠቀሰው ቃል እኮ እ.ኤ.አ. በ1952 በተገኘው፣ በሙት ባሕር አጠገብ ባለው በቁምራን አራተኛ ዋሻ ውስጥ፣ ከ11 የሄኖክ ቅጂዎች ቁርጥራጭ በአንዱ ላይ፣ በአራማይክ ተገኝቷል። እንደ ሄኖክ ከአይሁድ ቅዱሳት መጻሕፍት ውጭ የቀረው መጽሐፈ ኩፋሌም በዚያ አካባቢ ዋሻዎች በዕብራይስጥ ወደ 15 በሚጠጉ ቅጂዎች ተገኝቷል። እንዲህ ደጋግመው የገለበጡትን መጻሕፍት ኋላ የመጡት ረቢዎች፣ የአይሁድ መምህራን፣ ለምን ተዉአቸው? እኔ የዘመን አቆጣጠሩ አንዱ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሁለቱም መጻሕፍት ዓመቱን 364 ቀን፣ ማለትም ልክ 52 ሳምንት ያደርጉታልና በዓሉ ዘወትር በአንድ ዕለት ይውላል፤ የረቢዎቹ ወር ግን ጨረቃን ይከተላል፤ በበዓል ቀን የማይስማሙ ሰዎች ደግሞ አብረው መጸለይ ይቸግራቸዋል። ይህን ስል እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ነገር ነው። ሁለቱም መጻሕፍት ሙሉ ሆነው የተረፉት በግእዝ ብቻ ነው፤ ቤተ እስራኤልም ከኦሪቱ ጋር በክብር ይዘዋቸው ኖሩ። ሽማግሌው ቄስ ዕድሜውን ሙሉ ኢየሩሳሌምን ሲናፍቅ ኖሮ እስራኤል ሲገባ፣ የእነዚህ መጻሕፍት ስም በዚያ «የውጭ መጻሕፍት» ሆኖ ጠበቀው። እኔም ለየኔታ የነገርኋቸው ይህንኑ ነበር፤ ደግሞም በዚያ ፍጥነት።

ቅዳሜ እመለሳለሁ። የቲቶን ጥቅስ ይዤ ልሂድ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እንጃ። ያን ቀን ቀጥለው ያነበቡልኝ፣ ሌሎቹ ዛፎች ሲደርቁ ቅጠላቸውን ስለማያረግፉት ስለ 14ቱ ዛፎች ነበር፤ እኔ በመልሴ ተይዤ ስለ ነበር ግማሹን አልሰማሁትም። ተራው ደርሶ ያነበቡት ይሁን፣ ወይስ ለእኔ ብለው…