ጠመዝማዛው ተገልብጧል
(በኤሌክትሪክና በመካኒካል ባለሙያዎች የፓተንት ሽልማት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የዛሬ ተሸላሚዎች፤

እንደምን አመሻችሁ። አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «በኤሌክትሪክና በመካኒካል ምሕንድስና የተመዘገቡ ፈጠራዎችና ውጤታቸው» ይላል። ጊዜዬ 20 ደቂቃ ነው። ርዕሱን በደስታ ተቀብያለሁ። ግን ካሁኑ ልንገራችሁ፣ ከርዕሱ ወጣ እላለሁ። ከፊት የተቀመጣችሁት ታውቁኛላችሁ፤ አይገርማችሁም። አብረን በቀለም ስዕል ያወጣን፣ ስንሳሳት በምላጭ የፋቅን ሰዎች ነን።

ፓተንት ማለት ውል ነው። ፈጣሪው ምስጢሩን ለሕዝብ ይገልጻል። መንግሥት በምላሹ ሌላ ሰው እንዳይሠራው ለተወሰነ ጊዜ ይከለክልለታል። ቬኒስ እ.ኤ.አ. በ1474 ሕጉን ስታወጣ ጊዜው 10 ዓመት ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በአብዛኛው ዓለም ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው። 20 ዓመቱ ሲሞላ ፈጠራው የሁሉም ይሆናል። መብቱ ያልፋል፣ ገንዘቡም ያልቃል። የማያልፈው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ስም ነው።

እኔ የመጣሁት ስለዚያች የስም መስመር ልናገር ነው።

ከጄምስ ዋት ልጀምር። በ1769 የእንፋሎት ሞተሩን ኮንደንሰር፣ ማለትም እንፋሎቱ ተለይቶ የሚቀዘቅዝበትን ክፍል፣ አስመዘገበ። ይህን ተማሪም ያውቀዋል። ቀጥሎ የመጣው ችግር ግን የበለጠ ይጥመኛል። ሞተሩ ላይና ታች ነው የሚለው፤ ፋብሪካው ደግሞ የሚፈልገው የሚሽከረከር ነገር ነው። ቀላሉ መፍትሔ ክራንክ ነው፤ ላይ ታች የሚለውን ወደ ዙር የሚቀይር የታጠፈ ክንድ። ክራንክን ግን በ1780 ጄምስ ፒካርድ የሚባል ሰው ፓተንት አወጣበት። ዋት ተናደደ፣ ዙሪያውንም ፈለገ። በ1781 አንዱ ጥርሳም ጎማ ሌላውን እየዞረ የሚያሽከረክርበትን መላ አስመዘገበ። ፕላኔት በፀሐይ ዙሪያ እንደሚዞረው ዓይነት ነው። እስካሁን የሰማችሁት ሁሉ ያምራል አይደል? ያንን መላ ያመጣው የዋት ሠራተኛ የነበረው ዊሊያም መርዶክ መሆኑን ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ፓተንቱ ላይ ያለው ስም ግን የዋት ነው።

ሌላም ልጨምር። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1876 ስልኩን ሲያስመዘግብ ስዕሉን ያወጣለት ሉዊስ ላቲመር ነው። ወላጆቹ ከባርነት ያመለጡ ናቸው። ፓተንት በሚያስመዘግብ የሕግ ቢሮ በተላላኪነት ገብቶ፣ ሌሎች ሲስሉ እያየ ነው ስዕል የተማረው። ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1882፣ ለአምፖል የሚሆን የካርቦን ክር አሠራርን በራሱ ስም አስመዘገበ። ላቲመርን የምወደው ለዚህ ነው። የሌላውን ሰው ስም ሲስል ኖሮ የራሱን አልረሳም።

ስለ ሮበርት ኪርንስ እንዳወራ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። የመኪና መስተዋት መጥረጊያው ጠርጎ ትንሽ አርፎ እንደገና እንዲጠርግ ያደረገው ሰው። በ1978 ፎርድን ከሰሰ፣ በ1990 ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተከፈለው። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ለምን እንደምንወደው ግን ታውቃላችሁ? ጥፋተኛው ሌላ ስለሆነ ነው። ትልቅ ኩባንያ፣ ሩቅ ያለ። ጥፋተኞቹ እኛ የሆንበት ታሪክ በእንዲህ ያለ ምሽት አይወራም። ዛሬ ይወራል።

ስለ ፓምፑ ግማሾቻችሁ ታውቃላችሁ። የምታውቁት ግን ግማሹን ነው።

ወጣት መሐንዲስ ነበርኩ። የምሠራበት ድርጅት የውሃ ፓምፕ ያመርት ነበር። ሞተሩ ከላይ፣ ፓምፑ ከታች፣ በአንድ ሻፍት፣ ማለትም በሚዞር የብረት ዘንግ፣ የተያያዙ። በሽታው አንድ ነው። ውሃው ሻፍቱን ተከትሎ ሽቅብ ይወጣል። ኩሽኔታውን አልፎ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። የሞተሩ የሽቦ ጥቅልል ይረጥባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሽታ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ አፍንጫ ውስጥ ለቀናት ይቀመጣል።

ቢሮ ያለነው ምን አደረግን? ፓራኦሊዮ፣ ያ ፈሳሽ የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ጨመርን። አንዱን ሁለት አደረግነው። የጎማውን ዓይነት ቀየርን። ጠበቅ ስናደርገው ሻፍቱን ይበላዋል፣ ላላ ስናደርገው ያፈሳል። ስብሰባ ተቀመጥን። እንደገና ተቀመጥን። ቃለ ጉባኤው እስካሁን የሆነ ቦታ ይኖራል።

ቶርኖ ቤት፣ ብረት እየዞረ በሚቀረጽበት ክፍል፣ አንድ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ተበላሽተው የተመለሱትን ሻፍቶች አይጥሏቸውም። ግድግዳ ተደግፈው በተራ ይቆማሉ፣ በእያንዳንዱ ላይ በጠመኔ ስንት ጊዜ እንደሠራ ተጽፏል። አንድ ቀን ጠሩኝ። «ና እስቲ፣ ጥፍርህን እዚህ ላይ አሳልፈው» አሉኝ። አሳለፍኩ። ልሙጥ ነው። «አሁን ደግሞ ይኸኛውን» አሉኝ። ጥፍሬ ተሰናከለ። በዓይን የማይታይ ቀጭን ጠመዝማዛ ጭረት አለው፤ የቶርኖው ቢላ ትቶት ያለፈ። «ያኛው ወር አልሞላውም። ይኼ አምስት ወር ሠርቷል» አሉ።

ገባኝ። ጭረቱ በስህተት የቀረ ነው። አቅጣጫው ግን ሻፍቱ ሲዞር ውሃውን እንደ ብሎን ወደ ታች የሚመልስ ሆኖ ተገኘ። ጋሼ በማግስቱ ያንኑ ጭረት ሆን ብለው፣ ጠለቅ አድርገው አወጡት። ሠራ። ግን ሞተሩ ሲቆም ጠመዝማዛውም ይቆማል፣ ውሃውም ይገባል። እኔ «በቃ፣ አልሆነም» ብዬ ወጣሁ። ከምሳ ስመለስ ከአሮጌ የመኪና ከነመዳሪ የጎማ ቀለበት ቆርጠው ሻፍቱ ላይ አጥልቀዋል። ሻፍቱ ሲቆም ቀለበቱ ይከደናል። ሲዞር በሽክርክሪቱ ኃይል ተለጥጦ ይከፈታል፣ ስለማይነካካም አያልቅም። ቆሞም ዞሮም ውሃ አይገባም ማለት ነው።

የእኔ ድርሻስ? የጠመዝማዛውን ጭረት ጥልቀትና ማዕዘን አሰላሁ። ጎማው በደቂቃ በስንት ዙር እንደሚከፈት ሞከርኩ። ስዕሉን አወጣሁ። ይህን አላሳንስም፤ ሥራ ነው።

ማመልከቻው ሲዘጋጅ «ፈጣሪዎች» የምትለዋ መስመር መጣች። ሦስት ስም ገባ። የመምሪያው ኃላፊ፣ የዲዛይን ክፍሉ ሹም፣ እና እኔ። ኃላፊው ቶርኖ ቤት የገቡት እንግዳ ሲያስጎበኙ ብቻ ነው። «ጋሼስ?» አልኩ። አንድ ጊዜ። ያውም ቀስ ብዬ። «እሱማ ረዳን እንጂ» ተባለ። ፈረምኩ።

ረዳን! ከዚህች ቃል የበለጠ የምጠላት የለም። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ረዳን። ችግሩን ያየው ረዳን። ታዲያ ማንን ነው የረዳው? ስብሰባውን ነው የረዳው? በጀት መፈረም ፈጠራ አይደለም። ስብሰባ መምራት ፈጠራ አይደለም። ውጤቱ ከተገኘ በኋላ «እኔም አስቤው ነበር» ማለትማ ጭራሽ አይደለም!

ይቅርታ። ውሃ ልጠጣ።

ፓተንቱ ተሰጠ። ወረቀቱ ከነስዕሉ በፍሬም ሆኖ ኮሪደሩ ላይ ተሰቀለ። ጋሼ አንድ ቀን ለደመወዝ ጉዳይ ቢሮ መጡና ፊቱ ቆሙ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ስማቸውን የሚፈልጉ መሰለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን ስም አልፈለጉም። ጣታቸውን ስዕሉ ላይ አሳረፉና «ጠመዝማዛው ተገልብጧል» አሉኝ።

ተገልብጧል! ግራና ቀኙን አቀያይሬ ነው የሳልኩት። ቀስቱ ሻፍቱ ወደዚህ ይዞራል ይላል፤ ጠመዝማዛው ደግሞ በዚያ አዟዟር ውሃውን ሽቅብ ወደ ሞተሩ የሚስብ ነው። ያንን ስዕል አምኖ የሚሠራ ሰው የሚያገኘው ሞተር ማቃጠያ ነው። ሦስት «ፈጣሪዎች» ፈርመንበታል። ጠበቃው አንብቦታል። የፓተንት መርማሪው አይቶታል። ስህተቱን ያየው ግን ስሙ ያልተጻፈው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ስም መጻፍ የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ አላደክማችሁም ነበር። ፈጣሪ ተብሎ የተጻፈ ሰው ረቂቁ ይደርሰዋል። አንብቦ ይፈርማል። ስሙን ስናስቀር ዓይኑንም አስቀረን። ፓተንት ላይ ደግሞ የአንዲት ቃል ስህተት ይበቃል። በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተፈረደ አንድ ጉዳይ አለ። የፈጠራው ባለቤት የሊጥ አበሳሰል አስመዝግቦ ነበር። ክሌሙ፣ ማለትም «ይህ የኔ ነው» የሚለው ክፍል፣ ሊጡ ከ400 እስከ 850 ዲግሪ ፋራናይት «እስኪደርስ» ይሙቅ የሚል ሆነ። ሊል የፈለገው ምድጃው በዚያ ሙቀት ላይ ይሁን ነው። ሊጡ ራሱ ያን ያህል ከሞቀ ከሰል ነው የሚሆነው። ፍርድ ቤቱ «የጻፋችሁት ይኼ ነው፣ እኛ አናርምላችሁም» አለ። ባለቤቱ ተሸነፈ። ረቂቁን ምድጃው አጠገብ የሚቆም ሰው አንብቦት ይሆን? እጠራጠራለሁ።

«ይህ የይሉኝታ ነገር ነው፣ ሕግ አይደለም» የምትሉ ካላችሁ ደግሞ 1998ን ልንገራችሁ። አንድ ሐኪም ለቀዶ ሕክምና ሆድ የሚበሳ መሣሪያ አስመዝግቧል። ስለቱ ገብቶ የውስጥ አካል እንዳይወጋ የሚከላከል ነው። ከሐኪሙ ጋር አንድ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሺያን ዓመት ከመንፈቅ ያህል ያለ ክፍያ ሠርቷል። ማመልከቻው ሲገባ ግን ስሙ የለም፣ መግባቱንም የነገረው የለም። ፓተንቱ 55 ክሌም አለው። ዓመታት አልፈው አንድ ኩባንያ በዚያ ፓተንት ተከሰሰ። ተከሳሹ ምን አደረገ? ቴክኒሺያኑን ፈልጎ አገኘው፣ ከእሱም ፈቃድ ገዛ። ፍርድ ቤቱ ሲመረምር ቴክኒሺያኑ ለሁለቱ ክሌሞች ሐሳብ አዋጥቷል አለ። ሁለት ከ55! በዚያች ሁለት ምክንያት የጠቅላላው ፓተንት የጋራ ባለቤት ተባለ። ክሱም ፈረሰ። «ረዳን» ያሉት ሰው የሙሉ ቤቱን ቁልፍ ይዞ ተገኘ።

ፍትሐዊ ልሁን። ቶርኖ ላይ የቆመ ሁሉ ፈጣሪ አይደለም። የተሰጠውን ስዕል በትክክል ያወጣ ሰው ጎበዝ ባለሙያ ነው፤ ፈጣሪ ግን አይባልም። ሕጉ የሚጠይቀው ሐሳቡን ማን አመጣው ብሎ ነው። ያው ሕግ ግን አለቃንም በአለቃነቱ አያስገባም። ይህችን ግማሽ ማንበብ ነው ያቃተን።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ጃፓናዊው መሐንዲስ ሹጂ ናካሙራ ለሰማያዊው ኤልኢዲ መብራት መሠረት ለሆነው ፓተንት ከአሠሪው ያገኘው ጉርሻ 20,000 የን ነበር። በ2004 የቶኪዮ ፍርድ ቤት 20 ቢሊዮን የን ይከፈለው አለ። በማግስቱ ዓመት 840 ሚሊዮን በሚሆን ታረቁ። በ2014 ደግሞ ከሁለት ሰዎች ጋር ኖቤል ተሸለመ። እሱ መክሰስ የቻለው ስሙ ስለተጻፈ ነው። ጋሼ ምን ይዘው ይከሳሉ?

ለወጣቶች ልለው ያሰብኩት ብዙ ነበር፣ ሰዓቱ ሄዷል። ማስታወሻ ያዙ፣ ቀን ጻፉበት። ማመልከቻው ሳይገባ ለማንም አታሳዩ፤ በብዙ አገር የራሳችሁ ኤግዚቢሽን ራሱ ፓተንታችሁን ይገድለዋል። የማደሻ ክፍያውን አትርሱ። የኛ ፓምፕ የወደቀው በዚሁ ነው፣ 20 ዓመት ሳይሞላው። ጠመዝማዛውንም ማንም ሳያስተካክለው።

የመጨረሻው ይኸውላችሁ። ዛሬ ጊዜያቸው ላለፈ ፓተንቶች የመታሰቢያ ሰሌዳ ይሰጣል። ዝርዝሩን አይቻለሁ። ተራ ቁጥር 7 ፓምፑ ነው። ሰሌዳው ላይ ያው ሦስት ስም ተቀርጿል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ቤት ሄጄ ነበር። እንዲመጡ ለመንኳቸው። «ከመድረክ ስምዎን ልጥራ፣ ሰዉ ይስማ» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። «ወረቀቱ ላይ ያልጻፍከውን በማይክ አትጥራው» አሉኝ። ስለዚህ አልጠራሁም።

መድረክ መሪው፣ ቁጥር 7 ላይ ስትደርስ እባክህ እለፋት። ሰሌዳውን አልቀበልም። ቁጥር 8 ወጣቶቹ ናቸው። አራት ስም አላቸው። አራተኛዋ ሞተር የምትጠቀልለው ቴክኒሺያን ናት፤ የስሟ ፊደል በትክክል መጻፉን ቅድም ራሷን ጠይቄያታለሁ።

አመሰግናለሁ።