ላይ ላዩን

[ምስል፦ በመስቀያ ላይ የተሰቀለ ነጭ ሸሚዝ። ቀረብ ስንል አንገትጌው ወደ ሰማያዊ ያደላል።]

ይህ ሸሚዝ ነጭ ነበር። ከአዲስ ጂንስ ጋር አብሬ በሙቅ ውሃ አጠብኩት፤ የሆነውን እያያችሁት ነው። ታላቅ እህቴ ሸሚዙን ወደ መስኮቱ አቅርባ፣ አገላብጣ አየችና «አንተ እኮ ሁሉንም ነገር ላይ ላዩን ነው የምትወደው» አለችኝ። ሸሚዙ ሰበብ ሆነ እንጂ ቅሬታው የቆየ ነው። ስለ ስልኬ መስታወት ስጨነቅ ታያለች። ሌላው ሰው ስጋው በስሏል፣ አልበሰለም እያለ ሲከራከር እኔ ስለ ቅርፊቱ ስሟገት ትሰማለች። ከሲኒማ ስንወጣ እርሷ ስለ ገጸ ባሕርያቱ ታነሳለች፤ እኔ ግን ጀርባቸው ላይ ስለነበረው ግድግዳ አወራለሁ።

ክሱን አልክድም። እንዲያውም ጥፋቴን በማስረጃ ላሳያችሁ ነው የመጣሁት። ዓመተ ምሕረት በጠራሁ ቁጥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆነ ያዙልኝ።

[ምስል፦ የጂንስ ክር በመቀስ ተቆርጦ ጫፉ በማጉያ መነጽር ሲታይ።]

ሸሚዙን ካበላሸው እንጀምር። አብዛኛው የጨርቅ ማቅለሚያ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ክሩ ውስጥ ዘልቆ ይገባና እዚያው ይቀራል። የጂንሱ ሰማያዊ ማቅለሚያ ኢንዲጎ ግን ግትር ነው፤ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ክሩን እንዲይዝ ከተፈለገ በኬሚካል ጠባዩን ለጊዜው ማስቀየር ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ሰማያዊነቱ ይጠፋና አረንጓዴ የቀላቀለ ቢጫ ፈሳሽ ይሆናል። የጥጥ ክሩ እዚያ ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ገና ቢጫ ነው። ከዚያ አየር ያገኘዋል። ኦክስጅን ሲነካው ዓይናችሁ እያየ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ይዞራል፤ እንደገናም የማይሟሟ ይሆናል። ይነከራል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይነከራል። ሰማያዊው የሚጠቁረው በድርብርብ ነው፤ ወደ ክሩ እምብርት ግን አይደርስም። ማጉያው ሥር ያለውን ተመልከቱት፦ ዙሪያው ሰማያዊ ቀለበት፣ መሃሉ ነጭ ጥጥ።

ለማቅለሚያ ይህ ጉድለት ነው። ጂንስን ጂንስ ያደረገው ግን ይኸው ጉድለት ነው። በሽመናው ድሩ ሰማያዊ ነው፣ ማጉ ነጭ። አሠራሩ ድሩን ወደ ፊት፣ ማጉን ወደ ኋላ ስለሚያወጣ ሱሪውን ብትገለብጡት ውስጡ ነጣ ይላል። ፊት የወጣው ድር ጉልበት ላይ፣ ኪስ ጠርዝ ላይ፣ መቀመጫ ላይ እየተፈተገ ይላጣል፤ ከሥሩም ነጩ ጥጥ ብቅ ይላል። የእኔ ሱሪ ቀኝ ኪስ ላይ የስልኬ አራት ማዕዘን እንደ ጥላ ታትሟል። ሌላ ሰው ቢለብሰው የማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ፋብሪካዎች ይህን ሥራ ከእኛ ተሻምተው ሱሪውን ከእሳተ ገሞራ በወጣ ቀላል ድንጋይ ወይም የጥጡን ላይ በሚበላ ኢንዛይም አፍትገው ያረጀ አስመስለው ይሸጡልናል። እኔ አልገዛም። ጉልበቱ ላይ የነጣው መስመር የእኔ ጉልበት ካልሆነ ለምን ይኖራል? ይህ የግል አቋሜ ነው፤ በኬሚስትሪ አልደግፈውም።

ኢንዲጎ ለሺህ ዓመታት ከዕፅዋት ቅጠል ሲወጣ ኖሮ የጀርመኑ የኬሚካል ኩባንያ ቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. በ1897 በፋብሪካ የተሠራውን ለገበያ አቀረበ። መንገዱን ከከፈቱት አንዱ አዶልፍ ፎን ባየር በማቅለሚያዎች ላይ ለሠራው ሥራ በ1905 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ለሸሚዛችሁ የሚጠቅማችሁ ግን ይህ ነው፦ አዲስ ጂንስ ለብቻው፣ ተገልብጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ላዩ ላይ ልቅ ሆኖ የተቀመጠ ቀለም መሄጃ ይፈልጋላ።

[ምስል፦ ስልክ በጎን በኩል ብርሃን ሲበራበት። አንዲት ቀጭን ጭረት ታበራለች።]

ከዚሁ ኪስ ሳንወጣ ሌላ ጉዳት አለ። ይህችን ጭረት ባየሁ ቀን የፈረድኩት በኪሱ ጠርዝ ላይ ስፌቱን በሚያጠብቀው የመዳብ ሪቬት ነው። ልብስ ሰፊው ጃኮብ ዴቪስና ነጋዴው ሊቫይ ስትራውስ የፈጠራ መብቱን በአሜሪካ ግንቦት 20 ቀን 1873 የወሰዱበት ያ ሪቬት ማለቴ ነው። ለወራት በሐሰት ከሰስኩት።

ነጻ ያወጣው የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ ነው። ፍሬድሪክ ሞስ የሚባል ሊቅ በ1812 ያወጣው መለኪያ አሥር ደረጃ አለው፤ ጠንካራው ለስላሳውን ይጭራል፣ ለስላሳው ጠንካራውን መጫር አይችልም። መዳብ 3 አካባቢ ነው። የስልክ መስታወት አብዛኛውን ጊዜ መጫር የሚጀምረው 6 ላይ ነው። ስለዚህ መዳቡ መስታወቴን ቀርቶ የመስታወቴን ጥላ አይጭርም። የበር ቁልፍ ሳይቀር አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል። ታዲያ ማን ነው? ኪሴን ገልብጬ በነጭ ወረቀት ላይ አራገፍኩት። ብናኝ፣ የጨርቅ ጭራሮ፣ እና ሦስት አራት የአሸዋ ቅንጣት። አሸዋ ውስጥ የሚበዛው ኳርትዝ ነው፤ ኳርትዝ ደግሞ 7 ነው። አጥፊዋ ከሰሊጥ ፍሬ ታንሳለች።

መስታወቱ ራሱ ግን ተራ መስታወት አይደለም፤ ብልሃቱም ያለው ላዩ ላይ ነው። ከተሠራ በኋላ 400 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ የቀለጠ የፖታሲየም ጨው ውስጥ ይዘፈቃል። መስታወቱ ውስጥ ያሉት ትናንሽ የሶዲየም አየኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የያዙ አተሞች፣ ይወጣሉ፤ በቦታቸው ተለቅ ያሉት የፖታሲየም አየኖች ይገባሉ። ለአሥር ሰው በተሠራ አግዳሚ ወንበር ላይ አሥር ወፍራም ሰዎች ሲቀመጡ አስቡት፤ ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ። መስታወቱ ሲቀዘቅዝ ያ መገፋፋት ላዩ ላይ ታስሮ ይቀራል። መስታወት የሚሰበረው ትንሽ ስንጥቅ ስትከፈት ነው፤ እዚህ ግን ስንጥቋ ልትከፈት ስትል ዙሪያዋ ያሉት መልሰው ይዘጓታል። ይህ ሁሉ ትርምስ ያለው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ በማይሞላ ውፍረት ውስጥ ነው። ጥልቅ ጭረት የሚያስፈራኝም ለዚህ ነው፤ ያንን ሽፋን አልፎ ከገባ በሚቀጥለው መውደቂያ ስንጥቁ የሚጀምረው ከእርሱ ነው።

እናም መስታወቱን ስትነኩት አትጫኑትም። ከሥሩ ያለው የኤሌክትሪክ መረብ ጣታችሁ ሲቀርብ የሚፈጠረውን ለውጥ ይለካል፤ ሰውነታችን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነውና። በወፍራም ጓንት እምቢ የሚለው፣ የውሃ ጠብታ ሲያርፍበትም የሚደናገረው በዚህ ምክንያት ነው። እጄ እርጥብ ሆኖ የምግብ አሠራር ገጽ ለመግለጥ ስታገል፣ ስልኩ ማንም ያልነካውን ሲከፍት ሲዘጋ ስንት ጊዜ አየሁት።

[ምስል፦ መጥበሻ። የስጋ ቁርጥራጮች ተጨናንቀው ግራጫ ሆነዋል፤ ዙሪያቸው ውሃ ተንጣሏል።]

ወጥ ቤት ውስጥም ጠላቴ ያው ውሃ ነው። ይህ ግራጫ ነገር የመጀመሪያ ጥብሴ ነው። ጥብስ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ቅቅል ነው። መጥበሻው ግሎ ነበር፣ ስጋውም ጥሩ ነበር፤ የት እንደተሳሳትኩ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የተጠበሰ ስጋ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ የተቆላ ቡና ያ ደስ የሚለው መዓዛና ቡናማ መልክ የሚመጣላቸው በዋናነት ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ በ1912 ባሳወቀው ኬሚካላዊ ምላሽ ነው። የፕሮቲን ቅንጣቶችና ስኳር በሙቀት ሲገናኙ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ የጣዕምና የሽታ ውህዶች ይወለዳሉ። ምላሹ በፍጥነት የሚሄደው ከ140 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ነው። ውሃ ደግሞ በባሕር ጠለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ፈልቶ እስኪያልቅ ድረስም የነካው ነገር ከዚያ በላይ እንዲግል አይፈቅድም። ስለዚህ የስጋው ላይ እርጥብ እስከሆነ ድረስ እሳቱን ብታንቀለቅሉት ትርፉ እንፋሎት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስሌት ላሳያችሁ፤ እኔን ያሳመነኝ እርሱ ነው። አንድ ግራም ውሃን ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 420 ጁል ያህል ሙቀት ይበቃል። ያንኑ 100 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2260 ጁል ያህል ይጠይቃል፤ ከአምስት እጥፍ በላይ። ስጋውን ሳላደርቅ መጥበሻው ላይ ስጥለው ሙቀቴን የሰጠሁት ለስጋው ሳይሆን ለውሃው ነበር። ደርድሬ ሳጨናንቀው ደግሞ እንፋሎቱ መውጫ አጣ።

[ምስል፦ ሁለተኛው መጥበሻ። ቁርጥራጮቹ ተራርቀዋል። ድምፁን ከፍ አድርጉት።]

ስሙት። መጀመሪያ የሚሰማው ጩኸት የውሃው ነው። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ ይቀጥናል፣ ከጠርዙ ቡናማ መስመር ይጀምራል፣ መጥበሻውን የሙጥኝ ያለው ስጋ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ያደረግኩት ለውጥ ሁለት ብቻ ነው፦ በጨርቅ አደረቅኩት፣ አራራቅኩት። ሽንኩርት በቶሎ እንዲቀላ የሚፈልግ ሰው ትንሽዬ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምርበታል፤ ምላሹ ያንን ይወዳል። ሲበዛ ግን ሳሙና ሳሙና ይላል፤ ቀምሼዋለሁ።

ቅርፊቱ የስጋውን ጭማቂ ዘግቶ ያስቀራል የሚለውን ግን አልሟገትለትም። በ19ኛው መቶ ዘመን የጀርመኑ ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ያስፋፋው ሐሳብ ነው፤ ስህተት ነው። ቅርፊት ያለው ስጋም ሳህን ላይ ውሃ ያወጣል። ቅርፊቱ የሚፈለገው ለራሱ ነው።

[ምስል፦ ከአጥንት መረቅ ላይ የረጋ ዝልግልግ። ማንኪያ ሲነካው ይንቀጠቀጣል።]

አጥንት ቀቅላችሁ መረቁን ስታቀዘቅዙት የሚረጋው ይህ ነገር ጄላቲን ነው። ከከብት አጥንትና ቆዳ የሚወጣ። ወደ ፊልም የማሻግራችሁ በእርሱ ላይ ነው፤ የፊልም ጥቅል ላይ ምስሉን የሚይዘው ጄላቲን ነውና።

በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ከፀጉር ዘለላ የቀጠነ የጄላቲን ሽፋን ይቀባል። ውስጡ ብርሃን ሲነካቸው የሚለወጡ የብር ውህድ ክሪስታሎች ተበትነዋል፤ ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ነው የምለው። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የምታዩት ፊት፣ ጥላና ዝናብ ሁሉ ጄላቲን ውስጥ የተንጠለጠለ የብር ብናኝ ነው።

በ1920ዎቹ የፊልም አምራቹ የኮዳክ ኬሚስት ሳሙኤል ሼፐርድ አንዱ ጄላቲን ብርሃን በደንብ የሚይዝ፣ ሌላው የማይዝ ፊልም የሚያወጣበትን ምክንያት ሲፈልግ ነበር። የደረሰበት ነገር ከሰናፍጭ ዘይት ጋር የሚዛመድ ድኝ ያለበት ውህድ ሆነ። ሰናፍጭና ዘመዶቹን የጋጡ ከብቶች ያንን ውህድ በአጥንታቸውና በቆዳቸው ይዘው ወደ ጄላቲኑ አሻግረውታል፤ ድኟም ክሪስታሎቹን ለብርሃን ይበልጥ ንቁ አድርጋቸዋለች። ላሟ የበላችው በምስሉ ላይ ታየ። ይህን ያነበብኩ ቀን ለእህቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ። ሰዓቱ ትክክል አልነበረም።

[ምስል፦ በጥቅል ፊልም የተቀረጸ ባዶ ግድግዳ። ምንም አይንቀሳቀስም፤ ሆኖም ግድግዳው የሚተነፍስ ይመስላል።]

ግድግዳው ላይ አፍጥጣችሁ ቆዩ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል፤ የሁለት ሰዓት ፊልም 172,800 ምስል ነው። በእያንዳንዱ ላይ ክሪስታሎቹ የተበተኑት በራሳቸው ዕድል ስለሆነ የአንዱ ቅንጣት ከሚቀጥለው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ድርቅ ያለ ግድግዳ እንኳ በሰከንድ 24 ጊዜ አዲስ ሆኖ ይሠራል። ዛሬ አብዛኛው ፊልም የሚቀረጸው በዲጂታል ካሜራ ነው፤ ምስሉ ከጠራ በኋላ ግን ቅንጣቱን ሆን ብለው የሚጨምሩበት አሉ። ጂንሱን በድንጋይ እንደሚያፈትጉት ሁሉ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን፣ ምክንያቱን ሳላውቀው፣ አልቆጣም።

[ምስል፦ ባዶ የሲኒማ አዳራሽ። መብራቱ በርቷል።]

ባለፈው ሰሞን ፊልሙ አልቆ ሰው ሲወጣ እኔ በተቃራኒው ወደ ሸራው ሄድኩ። ድምፁ ከተዋንያኑ አፍ የሚወጣ እስኪመስል ድረስ ከፊት ለፊት የሚመጣው እንዴት እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነበር። ድምፅ ማጉያዎቹ ከሸራው ጀርባ ናቸው፤ መካከል ላይ ያለው ሸራ ድምፁን ማፈን ነበረበት። ተጠጋሁ። አሁንም ነጭ ነው። አፍንጫዬ ሊነካው ሲል ታየኝ፦ ሸራው ከዳር እስከ ዳር ከክብሪት ራስ ባነሱ ቀዳዳዎች ተወጋግቷል። ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው አይታዩም። ድምፁ የሚያልፈው በእነርሱ በኩል ነው።

«ሸራውን እያሸተትክ ነው?» አለችኝ እህቴ ከበሩ ላይ ሆና።

«ቀዳዳ አለው።»

ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ መጣች። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ተጠጋች፤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች፤ እንደገና ተጠጋች። ጠራጊው መጥረጊያውን ይዞ ቆሞ ይጠብቀናል።

«ስንት ይሆናሉ?» አለች።