532 ዓመት ስንት ቀን ነው?

የተከበራችሁ አባቶች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን አደራችሁ?

ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ቆጠራ ስሌት፣ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። በጣና ደሴቶችም ሆነ በዘጌ ገዳማት ጾሙና በዓሉ የሚወጣው በእሱ ነውና። ስለዚህ ዛሬ አንድ ቁጥር ብቻ እንፈታለን፤ 194,313። ዐቢይ ቀመር የምንለው የ532 ዓመት ዑደት ቀናት ድምር ነው።

አራት ዓመት፣ የዘመነ ሉቃስን ጳጉሜ 6 ጨምሮ፣ 1,461 ቀን ነው። ጨረቃና ፀሐይ በ19 ዓመት ይገናኛሉ፤ ንዑስ ቀመር ይባላል። ነገር ግን 19 ዓመት 6,939 ቀን ከሦስት ሩብ ስለሚሆን ሙሉ ቀን አይወጣውም። በ4 ሲባዛ 76 ዓመት፣ ማዕከላዊ ቀመር፣ 27,759 ሙሉ ቀን ይሆናል። ይህም ለ7 ሲካፈል 4 ስለሚተርፍ ዕለቱ ገና አልገጠመም። 7 ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) በመሆኑ ቀሪው የሚጠፋው 7 ጊዜ ሲባዛ ነው፤ 532 የመጣው ከዚህ ነው። ደጋግሜ ባየው የማይሰለቸኝ እዚህ ላይ ነው፦ 76 ዓመት 27,759 ቀን፣ 532 ዓመት ደግሞ 27,759 ሳምንት!

ቁጥሩ ሲበተን 3 × 7 × 19 × 487 ነው። 7 ከሳምንት፣ 19 ከጨረቃ፣ 3 እና 487 ከ1,461 የመጡ ናቸው። 487 ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ እስከ 19 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ 23 በ23 529 ነውና ያልፈዋል። አራቱም ስለማይደገሙ አካፋዮቹ 16 ናቸው። ለዘመን ቆጠራ ባይረባም አንድ ልጨምር፦ እስከ 194,313 ድረስ ከእሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች 104,976 ናቸው፤ ይህም 18 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ማለት ነው።

ተማሪ የሚሳሳተው 532ን በ365 አባዝቶ 194,180 ላይ ሲያቆም ነው፤ 133ቱን የጳጉሜ 6 ቀኖች ይረሳል። ክፋቱ፣ 133 ማለት 7 በ19 ስለሆነ ስህተቱ ለ7ም ለ19ም ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ በሳምንት ብትፈትኑት አይያዝም። የሚይዘው 3 ነው። የ194,180 አሃዞች ድምር 23 ነው፣ ለ3 አይካፈልም፤ የትክክለኛው ግን 21።

ዑደቱን በሥራ ላይ እንየው። 2018 ዓ.ም. ላይ 5,500 ሲደመር 7,518 ዓመተ ዓለም (ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠር ዓመት) ነው፤ ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 70 ይተርፋል። በ15ኛው ዐቢይ ቀመር 70ኛ ዓመት ላይ ነን። የ2018 ፋሲካ እሁድ ሚያዝያ 4 ነው፤ የ1486ቱም እሁድ ሚያዝያ 4 ነበር።

ሰማዩ ግን ትንሽ ያፈነግጣል። 19 ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይረዝማል። በዐቢይ ቀመር 28 ጊዜ ሲጠራቀም 41 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ በ308 ዓመት ገደማ አንድ ቀን መሆኑ ነው። በቀመር የምትወጣው ጨረቃ ከሰማዩዋ በዚህን ያህል ወደ ኋላ ትቀራለች።

ጠመኔው እዚህ አለ። 1,461ን በ133 ማን ያባዛልን?