ሠራዊቱን የለቀቀ ሰው በጦር ፍርድ ቤት ሊዳኝ ይችላል?

[ምስል፦ ፒትስበርግ፣ የብረት ፋብሪካ]

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1953 ነው። ሮበርት ቶት ከአሜሪካ አየር ኃይል በክብር ተሰናብቶ ፒትስበርግ ገብቷል፤ ብረት ፋብሪካም ተቀጥሯል። በተሰናበተ በአምስተኛው ወር ግን የአየር ኃይሉ ሰዎች መጥተው ያዙት፤ በአውሮፕላን ኮሪያ ወሰዱት። ክሱ እዚያ በግዳጅ ላይ ሳለ ሰው ገድሏል የሚል ነው።

እህቱ ዋሽንግተን ላይ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አቀረበች። በዚህ አቤቱታ ዳኛው "ገድሏል ወይስ አልገደለም?" ብሎ አይመረምርም። የሚጠይቀው ያሰረውን ወገን ነው፦ በየትኛው ሥልጣንህ አሰርከው?

አየር ኃይሉ መልስ ነበረው። በ1950 የወጣው የወታደራዊ ፍትሕ ሕግ፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያስቀጣ ወንጀል የሠራ ሰው፣ መደበኛ ፍርድ ቤት ሊያየው ካልቻለ፣ ቢሰናበትም በጦር ፍርድ ቤት ይዳኛል ይል ነበር። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ቶት ይለቀቅ አለ፤ ይግባኝ ሰሚው ሻረው።

[ምስል፦ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕንፃ]

ኖቬምበር 7 ቀን 1955 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለቶት ፈረደ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሁጎ ብላክ ናቸው። ኮንግረስ ሠራዊቱን የሚያስተዳድርበት ሥልጣን ከሠራዊቱ ጋር ግንኙነቱን የጨረሰ ሲቪል ላይ አይደርስም አሉ።

ገና ዩኒፎርም የለበሰውስ? እሱ ብዙ ተስፋ የለውም። ከቶት ውሳኔ ሁለት ዓመት በፊት በበርንስ ከዊልሰን ጉዳይ፣ ጉዋም ላይ ሞት የተፈረደባቸው ሁለት የአየር ኃይል አባላት፣ የእምነት ቃል በግድ ተወስዷል ብለው ይህንኑ አቤቱታ አቅርበው ተሸንፈዋል። ዋና ዳኛ ቪንሰንና ሦስት ባልደረቦቻቸው፣ ወታደራዊው ወገን አቤቱታውን በሚገባ ካየው ሲቪል ፍርድ ቤት እንደገና አይመዝነውም አሉ። እንግዲህ "በሚገባ አይቼዋለሁ" የሚለው ያው የከሰሰው ተቋም መሆኑን ልብ በሉ! ዳኞች ብላክና ዳግላስም በዚህ አልተስማሙም።

ወደ ቶት እንመለስ። በዚያው ግድያ የተከሰሱ ሌሎች ሁለት ሰዎች ከሠራዊቱ ስላልወጡ በጦር ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው። ቶት ግን ጨርሶ ሳይዳኝ ቀረ፤ ውጭ አገር የተሠራውን ወንጀል የሚያይ መደበኛ ፍርድ ቤት አልነበረማ። ብላክ መፍትሔውን በውሳኔያቸው ጠቁመው ነበር፦ ኮንግረስ ሥልጣኑን ለመደበኛ ፍርድ ቤቶች ይስጥ። ኮንግረስ ይህን ያደረገው በ2000 ነው።