ፕሬድኒሶሎን የምትወስዱ፣ በገዛ እጃችሁ አታቁሙ

በዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ የውስጥ ደዌ ሐኪም ከሰሜን ሸዋ ለደወሉ አድማጮች ስለ አንጀት ቁጣና ቁጣውን ስለሚያበርዱት ስቴሮይድ መድኃኒቶች፣ በተለይም ስለ ፕሬድኒሶሎን መልስ ሰጥተዋል።

ከደብረ ብርሃን፦ አልሰረቲቭ ኮላይተስ የሚባል፣ ትልቁን አንጀት የሚያስቆጣና የሚያቆስል ሕመም አለብኝ። ፕሬድኒሶሎን ከጀመርኩ ወዲህ ነጭ የደም ሴልሽ 14 ሺህ ገብቷል አሉኝ። ኢንፌክሽን ይሆን?

የግድ አይደለም፣ እህቴ። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ ሴሎች ብዙዎቹ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ነው የሚቀመጡት። ስቴሮይዱ ያላቅቃቸውና ደሙ ውስጥ ይገባሉ፤ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ሊምፎሳይት የሚባሉት ሌሎቹ ነጭ ሴሎች ደግሞ ይቀንሳሉ፤ ከፊሎቹ ወደ መቅኔ ይገባሉ፣ ከፊሎቹ ይሞታሉ። ግን ስቴሮይድ ትኩሳትን ይደብቃል። ሆድሽ ከተነፋ ወይም ሕመሙ ከበረታ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ። ደንግጠሽ መድኃኒቱን እንዳታቆሚ።

ከደብረ ሲና፦ ፕሬድኒሶሎን ስወስድ ፊቴ አበጠ። እንዲሁ ይቀራል?

አይቀርም። የመድኃኒቱ መጠን ሲቀንስ ፊትዎ ይመለሳል።

ከመሐል ሜዳ፦ ልጄ ፕሬድኒሶሎን በቀን ከ8 ፍሬ ጀምሮ በ5ኛው ሳምንት 4 ደርሷል። ከሰገራው ጋር ይወጣ የነበረው ደምም ቆሟል። ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ልንገባ ነው፤ መድኃኒቱን ላስቁመው?

አባቴ፣ እባክዎ አያስቁሙት። ደሙ የቆመው በሽታው ስለዳነ አይደለም። መድኃኒቱ የመከላከያ ሴሎቹ አስኳል ድረስ ገብቶ፣ አንጀቱን የሚያስቆጡትን እንደ ቲኤንኤፍ ያሉ መልእክቶች እንዳያመርቱ ስለያዛቸው ነው። ሲለቃቸው ይነሳሉ።

የባሰው ሌላ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን የሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ያመርታሉ። ከውጭ ሲመጣላቸው ሥራ ይፈታሉ። ከ3 ሳምንት በላይ ከተወሰደ በኋላ ድንገት ቢቆም ቶሎ አይነቁም። ልጁ ይዝላል፣ ያስመልሰዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ራሱን ይስታል። ሊሞትም ይችላል። አንዲት እናት የልጃቸውን እንክብል በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አመጡልኝ። ቋጠሮውን ሲፈቱት የ12 ቀን መድኃኒት ሳይነካ ተቀምጧል። ልጁን ቃሬዛ ላይ ነበር ያመጡት። ተርፏል፤ ግን ያን ቋጠሮ አልረሳውም።

ጸበሉን ይጠጣ፣ መድኃኒቱንም ይዋጥ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ጠዋት፣ ምግብ ቀምሶ ይውሰድ። ስለ ጾሙ ለንስሐ አባትዎ መታመሙን ይንገሯቸው። የሚቀነሰውም ሐኪሙ በጻፈው ልክ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ባለ 5 ሚሊግራም ፍሬ። ለሱባዔው ሁሉ የሚበቃውን ይዛችሁ ግቡ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞኛል። ጎረቤቴ "የኔም እንዲሁ ነበር" ብላ ፕሬድኒሶሎኗን ሰጠችኝ። ልዋጠው?

እንዳትውጪው! አሜባም ደም ያመጣል። የአንጀት ቲቢም ክሮንስ የሚባለውን ሌላውን የአንጀት ቁጣ ይመስላል። ስቴሮይድ ሁለቱንም ያባብሳል፤ አሜባ ያቆሰለው አንጀት ሊበሳም ይችላል። የጎረቤትሽን መልሺላት፣ እሷም አቋርጣ እንዳይሆን ጠይቂያት። አንቺ ነገ ጠዋት ሰገራሽን ተመርመሪና ሐኪም ይይሽ።